የአርብ ፍም

«አንቺ ነሽ የለኮስሽው፤ እስኪጠፋ ድረስ ከእኔ ጋር ተቀምጠሽ ትጠብቂዋለሽ።»

ልጅ ሳለሁ አያቴ ይህን ያለኝ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሚነድ ከሰል አጠገብ ቆመን ነው። አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ዛሬ የምኖረው ሰመራ ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ባሌ የጭነት መኪና ይዞ ጅቡቲ ሲወርድ ቤቱ ለእኔና ለእሷ ብቻ ይቀራል፤ ያ ድምፅም የሚመጣው እንደዚያ ጭር ሲል ነው። ከስድስተኛ ክፍል የቀረ ሰው መጻፍ ብዙም አይሆንለትም፤ ይሄንን ግን በአፌ ጀምሬ ጨርሼው ስለማላውቅ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

አያቴን ሰፈሩ ጋሽ ተካ ይለው ነበር፤ እኔ አባባ እለዋለሁ። ብረት ቀጥቃጭ ነበር። በወጣትነቱ ከጎንደር ወርዶ በባቡር ጣቢያው ወርክሾፕ ሲሠራ ከኖረ በኋላ፣ ባቡሩ ሲቆም መዶሻውንና ወናፉን ይዞ አስፋልቱ ዳር ወጣ። እኔ ሳውቀው ሥራው ባሌስትራ፣ ማለት የመኪናን ጭነት ከሥር የሚሸከመው ጎባጣ ብረት ነበር፤ ጭነት የበዛበትና የተኛ ባሌስትራ ሹፌሮቹ ያመጡለታል፣ እሱ አግሎና ቀጥቅጦ መልሶ ያጎብጠዋል። እናቴ ለሥራ ዓረብ አገር ሄዳ ስለነበር በዚያች በቆርቆሮ በተሠራች ቤት ውስጥ እኔና አባባ ብቻ ነበርን። ከቤቱ ፊት ለፊት ምድጃው፣ ከምድጃው ፊት ለፊት አስፋልቱ፤ ቀን ከሌት መኪና ያልፋል።

አርብ ከቀትር በኋላ ግን የመዶሻው ድምፅ ይቆማል። ያኔ ጀምበር ወደ ወንዙ ገደል ማዶ ማዘንበል ስትጀምር የሰፈሩ ሴቶች ገል የያዘችው ገል፣ ፈርኔሎ የያዘችው ፈርኔሎዋን ይዛ ወደ ምድጃችን ትመጣለች፤ አባባም የቀረውን ፍም በረጅሙ ጉጠት እየለቀመ ለሁሉም ያድላል። አንድ ፍም አያስቀርም። ሁልጊዜ ቀድማ የምትደርሰው ለሹፌሮች ምሳ የምትሸጠው እትዬ ዘሪቱ ነበረች።

«ጋሽ ተካ፣ እስቲ ደህና ደህናውን! ያለፈው አርብ የሰጡኝ ቤቴ ሳይደርስ አንቀላፋ።»

«እሳቱ ምን ያድርግ? አንቺ በየደጁ እየቆምሽ ወሬ ስትሰልቂ አንቀላፋ።»

ሴቶቹ ይስቃሉ። ቅዳሜ ምድጃችን አመድ ብቻ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃሉ። «ጋሽ ተካ ቅዳሜን ከእሑድ አስበልጠው ነው የሚያከብሩት፤ የጎንደር ሰው ጥብቅ ነው» ይባባሉ ነበር፤ አባባም እንዲያ ብለው እንዲያስቡ ይተዋቸዋል። ለእኔ ግን ነግሮኛል፤ እኛ ቤተ እስራኤል ነን። ዘመዶቹ በሙሉ ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ እሱ ብቻ እዚህ ቆላ ቀርቷል፤ ለምን እንደቀረ አልነገረኝም፣ እኔም ልጅ ነበርኩና መጠየቁ አልመጣልኝም። «ይሄ ነገር ከዚህች በር አይወጣም» ይለኝ ነበር። አይወጣም ያለበትን ምክንያት ግን ሳይነግረኝም አውቀው ነበር። ብረት ቀጥቃጭ ሲባል ሰው ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ከእኛ ቤት አጠገብ ሕፃን የምታጠባ ሴት ጡቷን እንዴት እንደምትሸፍን አይቻለሁ።

ፍሙ ታድሎ ሲያልቅ አባባ ከጓሮ ገብቶ ሁለት ጄሪካን ውኃ ከራሱ ጀምሮ ያፈስስበታል። በጉልበቱ ዘመን ገደሉን ወርዶ አዋሽ ወንዝ ውስጥ ይነከር ነበር አሉ። «አዞዎቹ አርብን በእኔ ነበር የሚያውቁት» ይለኛል። ከዚያ ነጭ ልብሱን ይለብሳል። አምፖሉን በጊዜ እናጠፋለን፤ እኔ ጀምበሯ ሳትገባ ኩራዙን እለኩሳለሁ። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም፤ ጋዙ ያለቀ ጊዜ ራሱ ይጠፋል። አባባ የሚያወራልኝ ተረትም ዕድሜው የኩራዙን ያህል ነበር። ያኔ የምድጃው ትኩሳት ገና ከመሬቱ ሳይወጣ፣ የከሰሉ ሽታ ከቀዘቀዘው ብረት ሽታ ጋር ተደባልቆ በበሩ ሲገባ፣ አባባ ጀርባውን ቆርቆሮው ላይ አስደግፎ ይጀምራል፤ መብራቷ ስትንቀጠቀጥ ድምፁ ይፈጥናል፣ ስትጠፋ ካቆመበት ያቆማል። የቀረውን በጨለማ ስተኛ ራሴ እጨርሰው ነበር።

ከሁሉም የማልረሳው የቀጥቃጩን ተረት ነው። ጎበዝ ቀጥቃጭ ነበር አለ፤ ከእጁ የወጣ ማረሻ ድንጋይ የማይመልሰው። አንድ አርብ አንዲት ማረሻ ቀረችው። ጀምበሯ ተራራው ጫፍ ላይ ደርሳለች። ሚስቱ «በቃ ተዋት» ብትለው፣ «አንዲት ምት ነው የቀረኝ» አላት። ያቺን አንዲት ምት መታ። ብረቱ አልጎበጠም። ደገመው፣ አልጎበጠም። ሊጥለው ቢል ጉጠቱ ከእጁ አልላቀቅ አለ፤ ብረቱም አልቀዘቀዘም። ሰኞ ሆነ፣ ማክሰኞ ሆነ፣ ሰውየው የጋለ ብረት በጉጠት ይዞ እንደቆመ ነው። ልጁ ሮጣ ብትመጣ ሊያቅፋት አልቻለም። እንግዳ ቢመጣ ሊጨብጥ አልቻለም። በሚቀጥለው አርብ ጀምበሯ ያቺው ተራራ ጫፍ ላይ ስትደርስ ሰውየው አለቀሰና፣ «ሥራዬ አላለቀም፤ ቀኑ ግን አልቋል» አለ። ያኔ ብረቱ ጠቆረ፣ ጉጠቱ ከእጁ ወደቀ።

«ሰንበት እንግዳ ናት» ይለኝ ነበር አባባ ሲጨርስ። «ስትገባ እጅ ትጨብጣለች። እጁ የሞላ ሰው በምኑ ይጨብጣት?»

ለሁሉም ነገር እንዲህ ያለ መልስ ነበረው። ጠዋት ስንነሣ ምንም ሳንነካ እጃችንን የምንታጠበው ለምንድነው ስለው፣ «ሌሊቱን ነፍስሽ አደራ ተሰጥታ ነበር፤ ሲመልሱልሽ በታጠበ እጅ ተቀበያት» አለኝ። አርብ ዳቦ ሳቦካ ከሊጡ ቆንጥሬ እሳት ውስጥ የምጥለው ደግሞ፣ ሊጡ እጄ ላይ ስላለ የእኔ እንዳይመስለኝ ነው። ያኔ እነዚህን ነገሮች እንደ ተረቱ እወዳቸው ነበር እንጂ ለእሱ ምን ያህል እንደሆኑ አላውቅም ነበር። አንድ ሰው ዘመዶቹ በሙሉ ሄደውበት፣ ባዕድ አገር አስፋልት ዳር ብቻውን የያዛት ነገር ምን ያህል እንደምትከብድ በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ልብ አይታወቅም።

እንግዲህ ያን ዓመት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ የእትዬ ዘሪቱ ትንሹ ልጅ ታመመ። ወባ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጥቶት ነበር። ትኩሳቱ ግን ይሄዳል ይመለሳል። ቦኖ ውኃ ልቀዳ ተሰልፌ ሳለሁ ከፊቴ ያሉት ሁለት ሴቶች እንዳላዩኝ ሆነው ያወራሉ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ጭስ የማይወጣበት ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

«እሳቱንስ አርብ አርብ ለየቤቱ የሚበትነው ምን ሊሆን ነው? በእሳቱ ገብቶ ነው የሚበላው።»

«ቡዳ እኮ ነው ቀጥቃጭ። አንድ ቅዳሜ ጭስ ባይ እኔስ አላምንም ነበር።»

ጄሪካኔን ሳልሞላ ተመለስኩ። ለአባባ ምንም አልነገርኩትም። በዚያ ሳምንት አርብ አባባ እንደ ወትሮው ፍሙን ወደ ምድጃው ዳር ሰብስቦ፣ ጉጠቱን ይዞ ተቀመጠ። ማንም አልመጣም። እትዬ ዘሪቱ ከደጇ ቆማ ወደ እኛ አየችና ገባች። አባባ መንገዱን ግራ ቀኝ ያያል፣ ፍሙን ያያል። አንድ ጊዜ ተነሥቶ ወደ አስፋልቱ ትንሽ ተራመደና ተመለሰ። ፍሙ ነጭ አመድ እየለበሰ እየለበሰ ሄደ። ጀምበር ልትገባ ስትል ጉጠቱን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠና፣ «ዛሬ ሁሉም ቤት እሳት አለ ማለት ነው» አለ። በዚያ ምሽት ኩራዙ በራ፤ ተረት ግን አልነበረም።

እኔ ግን ተኝቼ ስገላበጥ መፍትሔውን አገኘሁት። ሴትየዋ «አንድ ቅዳሜ ጭስ ባይ» ብላለች። አንድ ጭስ ብቻ።

ጠዋት አባባ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን፣ ወደ ኢየሩሳሌም አዙሮ ጸሎት ላይ ሳለ ክብሪት ደብቄ ወጣሁ። ከሰሉን ቆለልኩት። ከሰል ጭስ እንደማይበዛው አውቃለሁና ቀዳዳ ጆንያና ከአስፋልቱ ዳር የለቀምኩትን የጎማ ቁራጭ ጨመርኩበት። ለኩሼ ወናፉን መንፋት ጀመርኩ። አነፋፉን ከእሱ ነው የተማርኩት፤ በደንብ አድርጌ ነፋሁት። ጥቁር ጭስ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ወጣ። ደስ አለኝ። አሁን አሁን ሳስበው የሚያሳምመኝ ያ ደስታዬ ነው፤ አዳንኩት ብዬ ነበር።

ከአባባ በፊት የመጣው አንድ ሹፌር ነው፤ ሌሊቱን ባሌስትራው ተኝቶበት እዚያው ያደረ።

«ፋዘር! ዛሬስ ሰንበትን ሻሯት? እግዜር ነው ያመጣዎት!» እያለ ገባ። ከኋላው እትዬ ዘሪቱ፣ ከእሷም ኋላ ሌሎች ሴቶች አጥሩ ጥግ ቆሙ።

አባባ ከቤት ወጣ። እሳቱን አየ፤ ወናፉ ላይ ያለውን እጄን አየ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ሰው ቤቱ ሲወድቅ ሲያይ እንዲህ ይሆናል መሰለኝ። ያን መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትን ቃል ያኔ ነው ያለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ አድርጎ። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞረ።

«ወንድሜ፣ ዛሬ አልሠራም።»

«እንዴ! እሳቱ እየነደደ?»

«እየነደደም አልሠራም።»

«ለምን አነደዱት ታዲያ?» አለች እትዬ ዘሪቱ። ድምፅዋ የአርቡ የቀልድ ድምፅ አልነበረም። «ካልሠሩበት ለማን ነው የሚነድደው? ልጄ በትኩሳት እያለቀ ነው፣ ጋሽ ተካ። ለማን ነው?»

ልጅቷ ናት ሊል ይችል ነበር። ልጅ ተጫወተበት ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አላለም። ጎማው ይንጣጣል።

«እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ» አለ አባባ። «ዛሬ ሰንበቴ ነው። እሳት አልለኩስም፤ የተለኮሰውንም አላጠፋም። ልጅሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ፣ ዘሪቱ። ሌላ ምንም የለኝም።»

ከመካከላቸው አንዷ «ፈላሻ ነው ለካ!» ስትል ሰማሁ። ሹፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ እንደገና አደረገና ሄደ። ሴቶቹም አንድ በአንድ ሄዱ፤ አንዷም ጀርባዋን አልሰጠችንም፣ ሁሉም ወደ ኋላ እየተራመዱ ነበር የሄዱት።

ውኃ ላፍስበት ብዬ ስነሣ እጄን ያዘኝ። «ማጥፋትም ሥራ ነው» አለኝ። ትተነው እንዳንገባ ደግሞ የአዋሽ ነፋስ ይታወቃል፤ አንዲት ፍንጣሪ ቢያነሣ የመጀመሪያው የሚነድደው የእትዬ ዘሪቱ ቤት ነው። ስለዚህ ተቀመጥን። ያ ፀሐይ፣ ያ እሳት፤ አባባ በነጭ ልብሱ ድንጋይ ላይ፣ እኔ እግሩ ሥር። የበላነውም የጠጣነውም ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ ከቀትር በኋላ እሳቱ ሲያንቀላፋ፣ ያንን ስፈራው የዋልኩትን ነገር መጠየቄ ነው።

«አባባ፣ ሰንበት በእኔ የተነሣ ሄደችብን?»

አላየኝም። «ዝም በይ» አለኝ። «እየሰማችሽ ነው።»

ይህንን ስንት ዓመት እንዳሰብኩት። ተቆጥቶኝ ይሁን፣ እዚሁ አጠገባችን ተቀምጣለች፣ አልሄደችም ማለቱ ይሁን፣ እስካሁን አላወቅሁም። አልደገምኩም፤ እሱም ዳግመኛ አላነሣውም።

የእትዬ ዘሪቱ ልጅ ዳነ። እኛ ግን አልዳንንም። ማንም አልደበደበን፣ ማንም ቤታችንን አልነካ። ብረት የሚያመጣ ብቻ ጠፋ። ትምህርት ቤት ስገባ ልጆቹ ምሳ ዕቃቸውን በደብተር ይሸፍናሉ፤ አጠገቤ ትቀመጥ የነበረችው ጓደኛዬ «እናቴ ናት ያለችኝ፣ እኔ አይደለሁም» ብላኝ ወንበር ቀየረች። አንድ ቀን አልሄድኩም፤ በማግስቱም አልሄድኩም። ከዚያ ወደ ዱብቲ ሄድን። አባባ የእርሻ መሣሪያ እየሳለ ትንሽ ቆየና እዚያው ዐረፈ። ከመዶሻው፣ ከወናፉና ከጉጠቱ መካከል ይዤ የቀረሁት ጉጠቱን ነው።

ከዚያ በኋላ ሰንበት አላከበርኩም። ያፈረስኳትን ነገር ምን ብዬ በእጄ ልያዛት? ከማን ነሽ ሲሉኝ የጎንደር ሰው ነኝ እላለሁ፤ ለባሌ ነግሬዋለሁ፣ እሱም «ለማንም አታውሪ» ብሎኛል። ከልጅነቴ የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ጠዋት እጄን ሳልታጠብ ልጄን አልነካም፣ ሊጥ ሳቦካ ደግሞ እጄ ራሱ ቆንጥሮ እሳት ውስጥ ይጥላል።

ባለፈው አርብ ልጄ ሰናይት ይህንን አየች። ጎረቤታችን ሐዋ በር ላይ ቆማ ስኳር እየተበደረችኝ ነበር። ሰናይት ጮክ ብላ፣ «እማዬ፣ ሊጡን የምትጥይው ለማን ነው?» አለች። አፏን በእጄ አፈንኩት። ሊጥ ያለበት እጄ ነበር፤ ጉንጯ ላይ ተለጠፈ። «ዝም በይ!» አልኳት። ሐዋ ከሄደች በኋላ ልጄን ሳያት ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፤ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ አጥፍቻለሁ ብላለች። እኔ ያንን ፊት አውቀዋለሁ። አባባ «ዝም በይ» ሲለኝ የሚሰማ አለ ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ለልጄ ያልኳት የሚሰማ እንዳይኖር ነው። ፍርሃቱን ብቻ አውርሻት ልሞት ነው ማለት ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ይሄው ሲያብሰለስለኝ ከረመ።

ዛሬ አርብ ነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ምሳውን በከሰል ነው የሠራሁት። ዐሥር ሰዓት ሲሆን ፈርኔሎዬ ውስጥ ገና ያልሞተ ፍም ነበር። ሰናይትን ጉንጯን አጠብኳትና አልጋው ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ ጉጠቱን አወጣሁ። ፍሙን የተሰበረ ጀበና ገል ላይ ለቀምኩ፣ አንድም አላስቀረሁም። ሁለታችን ወደ ሐዋ ደጅ ሄድን። ሐዋ የወሎ ልጅ ናት፤ አስፋልቱ ዳር ሻይና ፓስቲ ትሸጣለች።

«እታለም! ምነው ዛሬ እሳት ተርፎሽ?» አለችኝ። «ነገ በምን ልትለኩሺ ነው?»

«ነገ አልለኩስም» አልኩ። ገሉን ወደ እሷ ዘረጋሁ። «ሰንበቴ ነው። አያቴ ቤተ እስራኤል ነበር፣ ብረት ቀጥቃጭ። እኔም ነኝ። አርብ ጀምበር ሳትገባ ፍሙን ለጎረቤት ይሰጥ ነበር።»

ሐዋ ፊቴን አየች፣ ገሉን አየች፣ ልጄን አየች። ከኋላዋ ትንሹ ልጇ መጥቶ ቀሚሷን ይዟል፤ እጇ ሳታስበው ራሱ ላይ ዐረፈ። ያ እጅ ልጁን ወደ ኋላ ሲገፋው አየሁ። አንድ የጭነት መኪና አልፎ አቧራው ተመልሶ መሬት እስኪያርፍ ድረስ ቆመናል።

«ታዲያ እዚያው ይዘሽው ልታቀዘቅዢው ነው?» አለች በመጨረሻ፣ ኮስተር እንዳለች። ፈርኔሎዋን በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ቢስሚላህ፣ አራግፊው። አሕመድ፣ አንተ ወደዚያ ሂድ፣ እንዳያቃጥልህ።»

ስለ እሳቱ ይሁን ስለ እኔ፣ ልጇን ለምን እንዳራቀችው አላውቅም። ነገ ለሌሎቹ ሴቶች ምን እንደምትልም አላውቅም። ፍሙን አንድ በአንድ በጉጠቱ እየያዝኩ ፈርኔሎዋ ውስጥ ደረደርኩት፤ ሰናይት እየቆጠረች ነበር። የመጨረሻውን ስጨርስ ጀምበሯ ከቆርቆሮው ጣራ በላይ ትንሽ ቀርታ ነበር። ጉጠቱን ከሐዋ ግድግዳ አስደግፌ፣ «ነገ ማታ እወስደዋለሁ» አልኳትና፣ ባዶ በቀረው እጄ የልጄን እጅ ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።